ለበቀል ያመጣሁት ውሻ

ውሻውን ያመጣሁት አዝኜለት አይደለም። ዛሬ መንገድ ላይ ከጉልበቴ ሳይርቅ ሲሄድ የሚያዩ ሰዎች «ምን ዓይነት ደግ ልብ ነው ያለሽ» ይሉኛል። እኔም ዝም እላለሁ። እውነቱን ከእኔ አፍ የሰሙት ልጄና አንዲት የውሻ መጠለያ ሠራተኛ ብቻ ናቸው። ውሻውን ያመጣሁት ከታች የምትኖረውን ሴትዮ ላስፈራራበት ነው።

ሴትዮዋ የሕንፃችን ቫዓድ፣ የነዋሪዎቹ ተጠሪ፣ ነበረች። የደረጃውን ጽዳት፣ የመግቢያውን አምፖል፣ የግቢውን ሣር የምትቆጣጠረው እሷ ናት። መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ማስታወቂያ የምትለጥፈውም እሷ ናት፤ በር አትዝጉ፣ በር ክፈቱ፣ ጋሪ አታቁሙ፣ ምንጣፍ አታራግፉ። ክፋር ግቢሮል የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ነው። እሷ መሬት ላይ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ። በዕድሜ ታላቄ ናት፤ በአማርኛ ብንነጋገር ኖሮ አንቱ እላት ነበር። ዕብራይስጥ አንቱ የለውም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

እናቴ ስታርፍ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከልን። ሰው ከየከተማው ይመጣል፤ የእኔ ሁለት ክፍል ቤት ያንን ሁሉ ለቀስተኛ አትችለውም። አስቀድሜ የሁሉንም ጎረቤት በር አንኳኩቼ ነግሬያለሁ፤ የእሷንም ጭምር። «ቤሰደር» ብላ እሺታዋን ሰጥታኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ተነሥተው ስለ እሷ ያወራሉ። እኔን አዝላ በሱዳን በኩል እንዴት እንደመጣች፣ ውሃ ሲጠፋ ምን እንዳደረገች። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። በዚህ መሐል ሣሩ ውስጥ ያሉት የውሃ መርጫዎች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ።

ውሃው ከታች ወደ ላይ ነበር የሚመጣው። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። አንዲት አሮጊት ሲነሡ ተንሸራተው በጉልበታቸው ወደቁ። የአጎቴ ነጭ ኩታ ከደረታቸው ላይ ተጣበቀ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም፤ «ተዉት፣ ውሃ ነው» አሉና ወሬያቸውን ሊቀጥሉ ሞከሩ። እኔ ዞር ስል ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ያለችውን የውሃ መክፈቻ ሣጥን ስትዘጋ አየኋት። ሄድኩባት።

«ምን አደረግሽ?»

«እኔ ምንም አላደረግኩም። በሰዓት የሚከፈት ነው።»

«እጅሽን አይቼዋለሁ።»

«ሣሩም መጠጣት አለበት» አለችኝና ገብታ በሯን ዘጋች።

ያን ቀን በልቤ ያዝኩባት። እናቴን ቀብሬ፣ ሰባቱን ቀን ጨርሼ፣ ሥራ ከገባሁም በኋላ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጆሮዬ አልወጣችም። ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል ውስጥ ልብስ ማስተካከያ ሱቅ ነው የምሠራው። ሱሪ እያሳጠርኩ፣ ዚፕ እየቀየርኩ፣ ምን ላድርጋት እያልኩ ሳውጠነጥን እውላለሁ።

ደካማ ጎኗን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ጠዋት ሴትዮዋ የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ ቆማ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ከእጅ ቦርሳ የማትበልጥ ውሻ ይዛ ገባች። ሴትዮዋ ፊቷ ነጣ። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ደብዳቤዎቿን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ውሻዋ እስክታልፍ ትንፋሿን ዋጠች። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ሁሉንም አየሁ። ሥራ ስደርስ ሐሳቤን ቆርጬ ነበር።

ለአጎቴ በስልክ ስነግራቸው ገረማቸው።

«ውሻ? ቤት ውስጥ? ምነው ልጄ፣ ሌባ አለ እንዴ?»

«አለ» አልኳቸው።

መጠለያው ከከተማው ወጣ ብሎ ከብርቱካን እርሻ አጠገብ ነው። ክንዷ ላይ አበባ የተነቀሰች ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችኝ።

«ምን ዓይነት ውሻ ነው የምትፈልጊው?»

«ትልቅ። ጥቁር ቢሆን ደስ ይለኛል።»

«ከዚህ በፊት ውሻ ነበረሽ?»

«አልነበረኝም።»

ጥቂት አየችኝ። ለጀማሪ በአንድ ጊዜ አሳልፈው እንደማይሰጡ፣ ኦምና የሚባል ነገር ግን እንዳለ አስረዳችኝ። ውሻው ቋሚ ቤተሰብ እስኪያገኝ ድረስ ቤቴ በአደራ ይቀመጣል፤ ካልሆነልኝ እመልሰዋለሁ። እኔ ለምፈልገው ነገር አንድ ወር ይበቃኛል ብዬ እሺ አልኩ።

የመጨረሻው አጥር ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተቀመጠ ትልቅ ጥቁር ውሻ ነበር። ከአንድ ጋራዥ ጓሮ በሰንሰለት ታስሮ እንዳገኙት፣ ሰባት ወር ሙሉ ማንም እንዳልጠየቀው፣ ሰው እንደሚፈራ፣ ብዙ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ነገረችኝ። ግማሹን ነው የሰማሁት። እኔ የማየው የአንገቱን ውፍረትና የጭንቅላቱን ስፋት ነበር። «ይሄ ነው» አልኩ።

በመኪናዋ አድርሳን፣ ማሰሪያውን ሰጥታኝ፣ መመሪያ የተጻፈበት ወረቀት አስይዛኝ ሄደች። እሱ የሕንፃው መግቢያ ላይ ሲደርስ ተኛ። ብጎትተው፣ ብለምነው፣ አልነሣ አለ። ድምፄን ሰምታ ሴትዮዋ በሯን ከፈተች። ያንን ጥቁር ነገር ከእግሯ ሥር ስታየው የጮኸችው ጩኸት አራተኛ ፎቅ ተሰምቷል። በሩን ጠርቅማ ሁለቱንም ቁልፍ ስታዞር ሰማኋት።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። የአጎቴ ኩታ፣ የአሮጊቷ ጉልበት፣ ሁሉም በዚያች ጩኸት ትንሽ ትንሽ የተከፈለልኝ መሰለኝ።

ወደ ታች ሳይ ግን ውሻው ከሥሩ አርጥቧል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮዎቹን ከራሱ ጋር ለጥፎ፣ ሁለመናው ይንቀጠቀጣል። ሻሼን ፈትቼ ወለሉን ጠረግኩ፤ ማስታወቂያ እንድትለጥፍብኝ አልፈለግኩም። ከዚያ ታቅፌው ሦስት ፎቅ ወጣሁ። ከአንድ ጆንያ ጤፍ የሚቀል አልነበረም።

ቤት ሲገባ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበት ጠባብ በረንዳ ውስጥ ገብቶ ከማሽኑ ኋላ ተወሸቀ። አራት ቀን ከዚያ አልወጣም። ምግቡን አስቀምጬ ከቤት ስወጣ ይበላል፤ ከተመለስኩ አይነካውም። መጥረጊያ ሳነሣ መሬት ላይ ይነጠፋል። ቀበቶ ሲንጠለጠል ካየ ይሸናል። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ጥግ ይፈልጋል። ልጄ ዓርብ ከጦር ሰፈር መጥታ በቡትስ ጫማዋ ወደ በረንዳው ስትጠጋ የሰማሁትን ድምፅ ከውሻ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ልጄ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች።

«እማ፣ ማ ዜ? ይሄ ምንድን ነው? ውሻ ትጠዪ አልነበር?»

ነገርኳት። ከውሃው ጀምሬ እስከ ጩኸቱ።

«ለበቀል?» አለችኝ። «እማ፣ አት ኖርማሊት? ጤነኛ ነሽ? አንድ ውሻ ስትመርጪ በከተማው ውስጥ ካሉት ሁሉ ፈሪውን መርጠሽ!»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሰኞ እመልሰዋለሁ አልኩ። ሰኞ ሲደርስ ግን ሴትዮዋ ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት በሯን ገርበብ አድርጋ ግራ ቀኝ ስታይ አየኋት። አንድ ሳምንት ይቆይ አልኩ። ከዚያም ሌላ ሳምንት።

መመሪያው ላይ እንደተጻፈው ዓይኑን አላየውም፤ እጄንም ከራሱ በላይ አልዘረጋም። ከሥራ ስመለስ በረንዳው ደፍ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ቤት ያመጣሁትን ልብስ እሰፋለሁ፤ ቁራጭ ዶሮ ከኋላዬ አስቀምጣለሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ አወራዋለሁ። የማወራው ደግሞ አንድ ነገር ነው። ሴትዮዋን ምን እንደማደርጋት፣ እንዴት ቆማ እንደምትንቀጠቀጥ፣ ምን ብላ እንደምትለምነኝ።

መጀመሪያ ላይ ስናገር ድምፄ ይጠነክራል፤ በጠነከረ ቁጥር ጥፍሩ ወለሉን ሲቧጭር፣ ወደ ማሽኑ ኋላ ሲመለስ እሰማለሁ። ዶሮው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ድምፄን ቀየርኩ። ያንኑ እርግማን፣ ያንኑ ዛቻ፣ በእሹሩሩ ድምፅ ማውራት ጀመርኩ። «ትወድቃለች የኔ ጌታ፣ ትዋረዳለች የኔ ቆንጆ፣ ውሃ ውስጥ እንከታታለን…» እንደ ሕፃን እያባበልኩ። እንደዚያ ሲሆን ይመጣል። በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ስለ ድንኳኑ ቀስ ብዬ እየነገርኩት ሳለ ከኋላዬ ሞቅ ያለ ትንፋሽ መጣ፤ አገጩንም ባዶ እግሬ ላይ አስቀመጠ። መርፌውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እግሬ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ በኋላ በማሰሪያ ደረጃ መውረድ ተማረ። ከሕንፃው ወጥተን ወደ ቂርያት ዔቅሮን በሚወስደው መንገድ ዛፍ ጥግ ጥጉን እንሄዳለን። ሴትዮዋ በመስኮት ታየናለች፤ እኔም እንደምታየን አውቄ አንገቴን ቀና አደርጋለሁ። አንድ ቀን ግን ከቆሻሻ ገንዳው ላይ አንዲት ድመት ተነሥታ ስትተፋበት እሱ የኋልዮሽ ሮጦ ከእግሬ ሥር ተወሸቀ። ከመስኮቱ ሳቅ ሰማሁ።

«ይሄ ነው ጭራቁ?» አለችኝ። «ሁለት ወር ሙሉ ይሄንን ነው የፈራሁት?»

ቀጥሎ ያደረገችውን መቼም አልተውላትም። በረንዳ መጥረጊያዋን ይዛ በሯ ላይ ትጠብቀናለች፤ ስንወርድ በመጥረጊያው እንጨት የደረጃውን ብረት ትመታዋለች። ብረቱ ከታች እስከ ላይ ይጮኻል። እሱ ደረጃው መሐል ይተኛና እንደ መጀመሪያው ቀን ያረጥባል። ከዚያ እንዳልናገራት «ሸረሪት ነው የማራግፈው» ትለኛለች። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ወር የደከምኩበት ፈረሰ። እንደገና ከማሽኑ ኋላ ገባ። ላስፈራራት ያመጣሁት ውሻ በእሷ እጅ የእኔ መምቻ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ቂም የያዝኩባት ለእናቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሆነ።

ከዚያ ጦርነት ተነሥቶ የሚሳይል ማስጠንቀቂያው ሲሬና የሚጮኽበት ሰሞን መጣ። ሕንፃችን አሮጌ ስለሆነ በየቤቱ መጠለያ ክፍል የለውም፤ ከታች አንድ የጋራ ሚቅላት ነው ያለን። የመጀመሪያው ሲሬና ሲጮህ እኩለ ቀን ነው፤ የዕረፍት ቀኔ ነበር። እሱን ከማሽኑ ኋላ ስቤ አውጥቼ፣ ታቅፌ፣ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ሴትዮዋ የሚቅላቱን ከባድ በር ይዛ ቆማለች።

«ውሻ አይገባም።»

«ጊዜ የለም! አሳልፊኝ!»

«ደንብ ነው። ለሰው ነው የተሠራው። ከፈለግሽ አንቺ ግቢ።»

ከእሷ ኋላ ጎረቤቶቼ ተቀምጠዋል። ሁሉም ስልካቸውን ያያሉ። አንድም ሰው ቀና አላለም። በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ከደረጃው ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ። እሱ ራሱን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረ። ፍንዳታው ሲሰማ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ እኔ ግን ከፍንዳታው ይልቅ የራሴ ጥርስ ሲፋጭ ነበር የሚሰማኝ።

በማግስቱ ስልኬ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲያሰማኝ ሲሬናውን አልጠበቅኩም። ከሁሉም ቀድሜ ወርጄ፣ ሚቅላቱ መጨረሻ ጥግ ተቀምጬ፣ እሱን በጉልበቶቼ መሐል አስገባሁት። ሰው ተራ በተራ ገባ። ሴትዮዋ ዳሌዋን ስለሚያማት ዘግይታ ነው የምትደርሰው፤ ሲሬናው መጮህ ሲጀምር በሩ ላይ ነበረች። አየችው። እግሯ ደፉ ላይ ቆመ።

«አውጪው» አለች።

«ጊዜ የለም» አልኳት። «ወይ ግቢ፣ ወይ በሩን ዝጊው።»

ከኋላዋ ሲሬናው ይጮኻል፣ ከፊቷ ውሻው አለ። አንዴ ወደ ደረጃው፣ አንዴ ወደ እኛ ታያለች። ጎረቤቶቼ አሁንም ስልካቸውን ያያሉ። እኔ ዓይኔን ከዓይኗ አልነቀልኩም። ብትገባም ባትገባም ግድ አልነበረኝም። ይህንን ስጽፍ ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እውነቱ ግን ያቺ ደቂቃ ጣፍጣኛለች። በመጨረሻ ከእኔ ፊት ለፊት የሚኖሩት ሽማግሌ ተነሥተው በእጅጌዋ ስበው አስገቧትና በሩን ዘጉ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ እጄን ውሻው ደረት ላይ አድርጌ የሚሰማኝ ዓይነት መንቀጥቀጥ። አዘንኩላት ብል ደስ ባለኝ። አላዘንኩላትም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር እሷን አይቶ እንዳይረበሽ የእሱን ራስ ወደ እኔ ማዞር ነው።

ሲሬናው ጋብ ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የውሻ መጠለያዋ ሠራተኛ ደውላ ልትጠይቀን መጣች። ሻይ ሰጠኋት። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሴትዮዋ ለመጠለያው የጻፈችው ደብዳቤ ነው፤ ስሟን ፈርማበታለች። ውሻው አደገኛ እንደሆነ፣ ጎረቤት ለማስፈራራት ሆን ብዬ እንዳመጣሁት፣ እንዲወሰድላት ይጠይቃል።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ሠራተኛዋ። «ገጠር፣ ሞሻቭ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤተሰብ ጠይቀውታል። ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት። «አደገኛ የሚለው ብቻ ውሸት ነው።»

ሻይዋን አስቀመጠች። እኔም ሁሉንም ነገርኳት፤ ድንኳኑን፣ ውሃውን፣ የደረጃውን ብረት፣ ሚቅላቱን። ስጨርስ ጠየቀችኝ።

«አሁንስ?»

«አሁንም እጠላታለሁ። እሱን ግን ከእንግዲህ በዚህ ውስጥ አላስገባውም። እሷን በራሴ እጅ እችላታለሁ።»

ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። እንግዳ ሲመጣ ማሽኑ ኋላ የሚገባው ውሻ እዚያ እግሬ ላይ ተኝቶ ነበር። «ሰባት ወር እየመገብኩት» አለች ቀስ ብላ፣ «አንድ ቀን እንኳ አጠገቤ ተኝቶ አያውቅም።» ከዚያ ለማደጎ የሚፈረመውን ወረቀት አወጣች። ፈረምኩ። በሞሻቭ ያሉትን ሰዎች ፊታቸውን ሳላይ ጠልቻቸው ነበር።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። እኔ ደግሞ በማግስቱ ሥራ ቦታ ሠላሳ ቅጂ አወጣሁበት። አንዱን መግቢያው ላይ፣ እሷ ማስታወቂያ በምትለጥፍበት ሰሌዳ መሐል ሰካሁት። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ተነሥቷል። ሌላ ሰካሁ። ጠዋት ተነሥቷል። ሌላ ሰካሁ። አሥራ አራት ቀን እንደዚህ ቆየን፤ እሷ ታነሣለች፣ እኔ እሰካለሁ። ጎረቤቶቹ ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ሚቅላቱ ውስጥ ስልካቸውን ሲያዩ የነበሩት ሁሉ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ሻሎም» ይሉኛል፤ ጎንበስ ብለው ለውሻውም እጃቸውን ለማስሸተት ይሞክራሉ። አልመለስኩላቸውም። የሁሉንም ፊት አስታውሳለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ሰው ቫዓድ አድርገው መረጡ።

በበጋው መጨረሻ ሴትዮዋ ቤቷን ሸጣ ወንድ ልጇ ወደሚኖርበት ከተማ እንደምትሄድ ሰማሁ። አባረርኳት ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ፊት ለፊቴ ያሉት ሽማግሌ ግን ዳሌዋ ነው አሉኝ፤ ልጇም ቤቱ ውስጥ መጠለያ ክፍል ስላለው ነው አሉ። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በምትሄድበት ቀን ከጠዋት ሽርሽራችን ስንመለስ መግቢያው በካርቶን ተሞልቷል። ተሸካሚዎቹ ሶፋ እያወጡ ስለነበር መተላለፊያ የለም። እሱ ቆመና እግሬ ላይ ተደገፈ፤ አልተኛም፣ አላረጠበም። ሴትዮዋ ከእኛ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ፣ በምርኩዝ ተደግፋ፣ የልጇን መኪና ትጠብቃለች። ወደ ግድግዳው አልሸሸችም። ከቆመችበት ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ስሙ ማነው?» አለችኝ።

ድምፅዋ ሌላ ነበር። ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኛል። ከእሷ አፍ ይቅርታ የሚባል ነገር ቢወጣ ከዚህ የበለጠ ሊሆን እንደማይችል ገብቶኛል።

«ስም አለው» አልኳት።

ሶፋው አለፈ። «ያላ፣ እንሂድ» አልኩት፣ ደረጃውንም ቀድሞኝ ወጣ።

ዓርብ ልጄ ስትመጣ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«መንገር ምን ይጎዳሽ ነበር እማ?»

«ምንም» አልኳት። ሴትዮዋ አሁን ተመልሳ ብትጠይቀኝም አልነግራትም።